የሞላ ድንጋይ

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን መምህራችን፣ ከታናሽ ወንድሜ በዕድሜ የሚያንስ ሸጋ ልጅ፣ ሰላምና ግጭት አፈታትን ለማጥናት ለምን እንደመጣን እያንዳንዳችን ተነስተን እንድንናገር ጠየቀን። ከፊቴ የተቀመጡት ወጣቶች ያማረ ያማረውን ተናገሩ። አንዷ ስለ ዓለም ሰላም፣ አንዱ ስለ አፍሪካ ቀንድ። ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁና፣ "በአንድ ድንጋይ ምክንያት" አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ፈገግ ብሎ፣ "ወርውረውት ነው ወይስ ተወርውሮብዎት?" አለኝ። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ። ሳቁ ሲበርድ ግን ሌላ ሳልጨምር ቁጭ አልኩ። የዚያን ቀን ለእነሱ ያልነገርኳቸውን ነው አሁን ለእናንተ የማወራችሁ።

በደርግ ጊዜ መቶ አለቃ ነበርኩ። የሸዋ ልጅ ነኝ። ከጦር ትምህርት ቤት ወጥቼ ወዲያ ወዲህ ስንገላታ ቆየሁና፣ ከትልቁ ድርቅ በኋላ ባሉት ዓመታት የአንዲት መቶ ጦር አዛዥ ሆኜ ላስታ ውስጥ ብልባላ ተመደብኩ። ከላሊበላ በስተሰሜን ያለች፣ በገበያ ቀን አህያና ሰው የሚጋፋባት፣ በሌላው ቀን ነፋስ ብቻ የሚመላለስባት ትንሽ ከተማ ናት። ቀን ቀን የእኛ ነበረች፤ ሲመሽ የማን እንደሆነች አላውቅም። ሰው ለእኔ ሁለት ዓይነት ነበር፤ የታጠቀና ያልታጠቀ። ሽምግልና የሚባለውን ነገር ደግሞ ሽማግሎች ጠላ ለመጠጣት የፈጠሩት ምክንያት አድርጌ ነበር የማየው።

ከወታደሮቼ ሌላ ከአገሬው የተመለመሉ ሚሊሻዎች ነበሩኝ። ራስ ምታቴ እነሱ ነበሩ። አንደኛው አያሌው የተባለ የሞተ ገበሬ ወንድም ነው። ሌላው የአያሌው ገዳይ የሞላ የአጎት ልጅ ነው። አብረው ጥበቃ ሳቆማቸው ጠላቱን ትተው አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ያድራል። ስለያያቸው ደግሞ የየራሳቸው ዘመድ እየተከተለ መቶዋ ለሁለት ተከፈለች።

ነገሩ የጀመረው በድርቁ ነው። አገሩ ተሰዶ ወደ ቀዬው ሲመለስ በሞላና በአያሌው ማሳ መሃል የነበረው የወሰን ድንጋይ ከቦታው ተነስቶ ተገኘ። ጎርፍ ይሁን የሰው እጅ የሚያውቅ የለም። የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል ሁለቱም ሊያርሱ ወጡ። ክርክር፣ ስድብ፣ ከዚያ ዱላ። አያሌው ተመቶ ወደቀ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ሞተ። ሞላ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ገደሉ ገባ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱም ማሳ ጦም አደረ። የሞላ ወንድም ሞፈር ይዞ ከወጣ የአያሌው ወንድም እንደሚገድለው ያውቃል፤ የአያሌው ወንድምም ከገደለ በኋላ ተራው የእሱ እንደሆነ ያውቃል። አገሩ ረሃብ አልፎለት ሳለ ሁለት ቤት በደም ምክንያት ይራብ ነበር።

አንድ ቀን መምሬ ፈንታ ካምፑ ድረስ መጡ። የሁለቱም ቤት የነፍስ አባት ናቸው። ከሲታ፣ ቀልደኛ፣ ጋቢያቸው ከራሳቸው በላይ የሚከብድ የሚመስል ቄስ።

"እንዴት ዋልክ፣ መቶ አለቃ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባ። ምን ልታዘዝ?"

"ሰው ልለምንህ መጣሁ።"

"ማንን?"

"ሞላን።"

ሳቄ መጣ። "አባ፣ ሞላ እኮ ወንበዴ ነው። ሳገኘው እንድይዘው ትእዛዝ አለኝ።"

"ወንበዴስ ቢሆን ወገን በኖረው፤ ገደል ውስጥ ከድንጋይ ጋር እንጀራ የሚካፈል ብቸኛ ነው። አንተም ታሳድደዋለህ፣ ጫካ ያሉት አማፂዎችም ያሳድዱታል፣ ደመኛውም ያሳድደዋል። ደሙን ልናደርቅ ነው። የአያሌውን እናት ስንለምን ከረምን። ደጇ ላይ መሬት ተቀምጠን እህል አንቀምስም ብለን አመሸን፣ አነጋን። አሁን እሺም አላለች፣ እንቢም አላለች። 'እመጣለሁ' ነው ያለችኝ።"

"እርቁ ካለቀ በኋላስ?"

"ጠመንጃውን ላንተ ያስረክባል። 'እጁን የሰጠ ይማራል' እያላችሁ በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ትለፍፉ የለ? እንግዲህ ማሩታ።"

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያዘንኩት ለሞላ አልነበረም። ያሰብኩት የጥበቃ ተራዬን ነው። ሁለቱ ቤት ከታረቀ ሚሊሻዎቼ ይታረቃሉ፣ እኔም እንቅልፍ አገኛለሁ። እሺ አልኩ። መምሬ ግን በእሺ ብቻ የሚሄዱ ሰው አልነበሩም። መስቀላቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አወጡ።

"ቃልህን ስጠኝ። እርቁ ካለቀ በኋላ ላንተ ሲያስረክብ፣ በምሕረት እንዲመዘገብ ታደርጋለህ።"

"ሰጥቻለሁ።"

"የወታደር ቃል ነው የክርስቲያን?"

"ሁለት ቃል የለኝም፣ አባ" አልኳቸው ቆጣ ብዬ። መስቀሉን ተሳለምኩ።

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ዞር ብለው፣ "አንተም ትመጣለህ። ያለ ብረት" አሉኝ። ብረት ይዞ እርቅ እንደሌለ ያን ቀን ነው የሰማሁት።

እርቁ የተባለው ከጥምቀት በኋላ በነበረው ሰሞን ነው። ከብልባላ ዝቅ ብሎ አንድ ወንዝ አለ። በበጋ ውሃው ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ይላል። ረፋዱ ላይ ስደርስ የሟች ወገን በወዲህኛው ዳር፣ የገዳይ ወገን በወዲያኛው ዳር ተቀምጠዋል። በላይ በኩል ባለ ትልቅ ወይራ ሥር የሁለቱም ወገን ጠመንጃ አፈሙዙ ወደ ምድር ተደፍቶ ተደርድሯል። አንድ ነጭ በግ ታስሮ ሣር ይግጣል። መምሬ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሽጉጤን ከነቀበቶው ፈትቼ ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም ወስደው ከገበሬው ጠመንጃ አጠገብ አኖሩት። ወገቤ ቀለለኝ። ራቁቴን የቆምኩ መሰለኝ።

የአያሌው እናት እትዬ ዝማም ከሁሉም ፊት፣ ውሃው ዳር ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው አድርሰው ተሸፋፍነዋል። ቀጭን ሴት ናቸው። ማንንም አያዩም።

ጥቂት ቆይቶ ከወዲያ ማዶ ሁለት ሽማግሎች ሞላን ይዘው ከገደሉ ወጡ። ያን ያህል ዘመን ስሙን ስሰማ ግዙፍ ሰው አድርጌ ስዬው ነበር። አጭር፣ አጥንቱ የገጠጠ፣ ጢሙ የተንጨባረረ ሰው ነው። ባዶ እግሩን ነው። አንገቱ ላይ ገመድ ገብቷል፤ የገመዱን ጫፍ አንደኛው ሽማግሌ ይዞታል። ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል፤ በሁለት እጁ ግራና ቀኝ ደግፎታል።

"ይኸ ድንጋይ የተጣሉበት የወሰን ድንጋይ ነው" አሉኝ መምሬ በጆሮዬ። "ራሱ ከማሳው ነቅሎ እንዲያመጣ ፈርደንበት ነው። የሚያወርድለት የሟች ወገን ብቻ ነው። እሱ ራሱ ከጣለው ግን እርቁ ፈረሰ፤ ደሙ በወንድሙና በልጆቹ ላይ ይመለሳል።"

"ካላወረዱለትስ?"

መምሬ ወደ ወንዙ ጠቆሙኝ።

ሞላ ወንዙ መሃል ገብቶ ቆመ። "ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ እመቤቴ ማርያም ብላችሁ ማሩኝ!" አለ። ከኋላው ያሉት ወገኖቹ ሁሉ ተንበርክከው "ማሩን! ማሩን!" አሉ። ድምፃቸው ገደሉን መትቶ ተመለሰ። የሟች ወንድሞች መምሬን አዩ፤ መምሬ እትዬ ዝማምን አዩ።

"ዝማም ልጄ፣ ምን ትያለሽ?"

ዝም።

ሞላ ደግሞ ለመነ። ዝም። ሦስተኛም ለመነ፤ አሁንም ዝም። ፀሐይዋ እየበረታች ሄደች። የሞላ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድንጋዩን ከፍ አድርጎ ትከሻው ላይ ሊያመቻቸው ሞከረና አልቻለም። ከወዲያ ማዶ አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች፤ ሚስቱ መሆን አለባት። እኔ ወታደር ነኝ፣ ሰው ሲሞት አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ዝምታ ግን አይቼ አላውቅም። "ኧረ በሉ ይብቃ፣ አንድ ነገር በሉ" ብዬ በሆዴ እጮህ ነበር።

በመጨረሻ እትዬ ዝማም ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ ሲወድቅ ምን አለ?"

ሞላ አንገቱን ቀና ማድረግ አይችልም። ለውሃው ነው የመለሰው።

"ውሃ አለ፣ እትዬ ዝማም።"

"ሰጠኸው?"

"ሰጠሁት።"

"በምን?"

"ዕቃ አልነበረኝም። በእጄ።"

"ጠጣልህ?"

"ጠጣልኝ።"

እትዬ ዝማም ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይርገፈገፋል። መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ወደ እሳቸው አንድ እርምጃ ጠጋ አሉ። ሊሆን ነው አልኩ።

የዚያን ጊዜ ነው በደቡብ በኩል ጋራው ጫፍ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ያለው። ሌላው ሰው መስተዋት ይመስለው ይሆናል፤ እኔ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የራስ ቁር ነው። አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ብዙ። ከላሊበላ የመጣ ጦር በሰልፍ ወደ ወንዙ ይወርዳል። የእኔ ሰዎች አልነበሩም። ማን እንደነገራቸው፣ ወይም ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ አይተው በራሳቸው ይሁን የመጡት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሕዝቡም አየ። ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው ብድግ ብሎ፣ "ሞላ! ጣለውና ሩጥ! ገደሉ ቅርብ ነው!" ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው፤ ገደሉ ቅርብ ነበር። ያን አገር እንደ መዳፉ የሚያውቅ ሰው ከገባ ማንም አያገኘውም። ሞላ ወታደሮቹን አየ። እኔም ሲያያቸው አየሁት። ከዚያ ዓይኑን ወደ እትዬ ዝማም እግር መልሶ ድንጋዩን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። ያ ሰው ቃሉንም የወለዳቸውንም ይዞ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነበር።

ወደ ጦሩ ሮጥኩ። መሪው የማላውቀው ሻምበል ነው። ሰላምታ ሰጠሁት። ከላይ እስከ ታች አየኝና ከዚያ ቁልቁል ወንዙን ተመለከተ። ገመድ አንገቱ ላይ የገባ ሰው፣ ገመዱን የያዘ ሽማግሌ፣ ዙሪያውን ሕዝብ። ፊቱ በራ።

"ጎበዝ፣ መቶ አለቃ!" አለ፤ ድምፁ የመድረክ ድምፅ ነው፣ ወንዙ ድረስ ይሰማል። "እኛ ለስንት ወር ያጣነውን አስረህ ጠበቅኸን!"

ሕዝቡ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ስንት ዓይን እንደወደቀብኝ እግዜር ይወቀው። የሟች ወንድም፣ የገዛ ሚሊሻዬ፣ እንትፍ ሲል አየሁት። ገመዱ የይቅርታ ገመድ እንደሆነ ለሻምበሉ ማን ያስረዳው? ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው። ገመድ ለእሱ ገመድ ነው።

"ሻምበል፣ የታሰረ አይደለም። እርቅ ነው። ሲያልቅ እጁን ለእኔ ሊሰጥ ቃል ገብቷል፣ እኔም ምሕረት ቃል ገብቼለታለሁ። ያቺ እናት ድንጋዩን እስኪያወርዱለት ብቻ ይታገሱኝ። የሚጠፋ ሰው አይደለም።"

"ድንጋይ?"

"አዎ፣ ድንጋይ።"

ወገቤን አየ። "መሣሪያህ የታለ?"

ወይራውን በጣቴ አሳየሁት። ሻምበሉ ያበድኩ መሰለው፤ አልፈርድበትም፣ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ያው ነበርኩ። ገፍቶኝ ሊያልፍ ሲል መንገዱ ላይ ቆምኩበት። ከኋላው ያለ ወታደር በሰደፍ ደረቴን መታኝና ቁጭ አልኩ። ተነስቼ ስከተላቸው ወንዙ ዳር ደርሰዋል።

እትዬ ዝማም በዚያን ጊዜ ተነሱ።

ነጠላቸው ከራሳቸው ወድቋል፣ አላነሱትም። ቀሚሳቸውን ሳይሰበስቡ ውሃው ውስጥ ገቡ። ሞላ ዝቅ አለላቸው። ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ከበዳቸው። ወንዶች ልጆቻቸው ዳር ላይ ቆመው እጃቸውን ይጨብጣሉ፤ እናታቸው ከጀመሩት በኋላ ማገዝ ክልክል ነው። ደረታቸው ላይ አስደግፈው፣ እየተንገዳገዱ ዳር ድረስ አምጥተው መሬት ላይ አኖሩት። ወታደሮቹም ሳያስቡት ቆም ብለው ያዩ ነበር። ከዚያ እትዬ ዝማም ወደ ሞላ ተመልሰው ገመዱን በራሱ ላይ አውጥተው ወረወሩት።

"ምሬሃለሁ። በአያሌው ፈንታ ልጄ ነህ" አሉት።

"እማይ" አላቸው፤ እናቴ ማለቱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ እትዬ ማለቱን ተወ። ቀና ሊል ሞከረ፤ አንገቱ አልታዘዝ አለው።

መምሬ ገና "ይፍታህ" ሲሉ ሻምበሉ ትእዛዝ ሰጠ። ወታደሮቹ ሞላን ያዙት። ማሰሪያ ሲፈልጉ አጠገባቸው ያገኙት እትዬ ዝማም የወረወሩትን ገመድ ነበር። በዚያው ገመድ እጁን ወደ ኋላ አሰሩት።

እትዬ ዝማም የሻምበሉን ክንድ ያዙ።

"የት ልትወስዱት ነው? ልጄ ነው!"

ሻምበሉ ግራ ተጋባ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ በትሕትና ነው የመለሰላቸው። "እናቴ፣ ይኸ ሰው እኮ ልጅዎን የገደለው ነው።"

"አውቃለሁ! ካንተ እኔ አላውቅም? ትላንት ብትመጣ መንገዱን ራሴ አሳይህ ነበር። ትላንት ደመኛዬ ነበር። ዛሬ ልጄ ነው። ዛሬ ለምን ትወስደዋለህ?"

ሻምበሉ ክንዱን ቀስ አድርጎ አስለቀቃቸው።

ሞላ በአጠገቤ አለፈ። የሚለኝን እየጠበቅኩ ነበር። ቢሰድበኝ፣ ቃልህ ይኸ ነው ወይ ቢለኝ፣ ቢተፋብኝ በወደድኩ። አንዲት ቃል አልተናገረኝም፤ አላየኝምም። እኔ በዚያ ሰዓት ለእሱ ከወታደሮቹ አንዱ ነበርኩ። ወይራው ሥር የነበረውን መሣሪያ ሁሉ ሰብስበው ወሰዱ፤ የእኔም ሽጉጥ አብሮ ሄደ። በጉ ሳይታረድ እንደታሰረ ቀረ።

መምሬ ፈንታ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። "አንተ አይደለህም። እኔ አውቃለሁ" አሉኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። መቶ አለቃ ሆኜ በሰው ፊት ያለቀስኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

እትዬ ዝማም ጦሩን በእግራቸው ተከትለው ላሊበላ ገቡ። ካምፑ በር ላይ ተቀመጡ። ጠባቂዎቹ ምን እንደሚፈልጉ ሲጠይቋቸው "ልጄ ታስሮብኝ" ይሉ ነበር አሉ። ቆሎ ይዘው ሄደው ነበር፤ አልደረሰውም። አንድ ማለዳ ሞላን ከሌሎች እስረኞች ጋር በጭነት መኪና አውጥተው በጋሸና በኩል ወሰዱት። ጋሸና ላይ መኪናው ቆሞ፣ እጁ ተፈትቶለት በመዳፉ ውሃ ሲጠጣ ያየ አንድ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ለአለቆቼ ጻፍኩ፣ ጮህኩ፣ ደጅ ጠናሁ። የሞላ ጉዳይ አይመለከትህም ተባልኩ። መሣሪያዬን ለገበሬ በማስረከብና ለወንበዴ በመራራት ተከስሼ ታሰርኩ፤ ከእስር ስወጣ ወደ ሰሜን ግንባር ተላክሁ። እዚያ ያለውን አላወራችሁም፤ ብዙ ሰው ጽፎታል።

ደርግ ሲወድቅ እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ባዶ እጄን ቀረሁ። የመጋዘን ጥበቃ ሆኜ ሠራሁ። ማታ ማታ ተምሬ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ያዝኩ። ሚስቴ፣ "አሁንስ ይበቃሃል፣ ጡረታ የሌለው ሰው ምን ዲግሪ ያበዛል" ስትለኝ የሁለተኛውን ማስታወቂያ አየሁ። የትምህርቱን ስም ሳነብ ሞላ ውሃ መሃል ቆሞ ታየኝ። እንዲህ ነው ከእነዚያ ልጆች ጋር ወንበር የተጋራሁት። መጻሕፍቱ አስታራቂ ገለልተኛ መሆን አለበት ይላሉ። እኔ የማውቀው አስታራቂ ሁለቱንም ወገን ያጠመቀ፣ ለሁለቱም የሚያለቅስ ነበር። ይህን ስናገር መምህራችን ሳይስቅ ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ጥሩ ልጅ ነው።

ለመመረቂያ ጥናቴ ወደ ላስታ ተመለስኩ። መምሬ ፈንታ አርፈዋል። ሁለቱን ማሳዎች አየሁ፤ ገብስ ተዘርቶባቸዋል፤ የት ላይ አንዱ አልቆ ሌላው እንደሚጀምር አይታወቅም። በመሃላቸው ድንጋይ የለም። የሞላ ሴት ልጅ ለአያሌው ወንድም ልጅ ተድራ ወልዳለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሁለቱ ቤት ደም አልፈሰሰም። በጥናቴ ላይ "እርቁ ጸንቷል" ብዬ ጻፍኩ፤ ውሸት አይደለም። ፈታኞቼም አመሰገኑኝ።

ያልጻፍኩት ይኸን ነው።

እትዬ ዝማም በሕይወት ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ስሜን ስነግራቸው ፊቴን በእጃቸው ዳሰሱኝ። ደጃፋቸው ላይ አንድ ድንጋይ አለ። ደክሞኝ ስለነበር ልቀመጥበት ስል፣ "እሱ ላይስ አትቀመጥ፣ የሞላ ነው" አሉኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ አዝመራው ሲያጫውቱኝ ቆዩና ድንገት ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ አንተ ወታደር ነበርህ። የጦር ነገር ታውቃለህ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ሳትፈራ ንገረኝ።"

"ይጠይቁኝ፣ እናቴ።"

"መጀመሪያ ማሩኝ ሲለኝ ወዲያው አንስቼለት ቢሆን፣ ያመልጥ ነበር?"

እዚህ ላይ ነው እናንተን የምፈልጋችሁ፣ አንባቢዎቼ። ወታደር ነበርኩና አውቃለሁ። ወዲያው ቢያነሱለት በጉ ታርዶ፣ እጅ ታጥቦ፣ ሰው ሁሉ ገና ድሮ ወደ መንደር ገብቶ ነበር። ጦሩ ጋራው ላይ ብቅ ሲል ባዶ ወንዝ ነበር የሚያየው። ሞላም በእኔ መዝገብ እጁን የሰጠ ሰው ሆኖ ያድር ነበር። ትምህርት ቤት ያለ እውነት እርቅ የለም ብለው አስተምረውኛል፤ እኔም በፈተና ላይ እንዲያው ጽፌ ማርክ አግኝቼበታለሁ።

"አያመልጥም ነበር፣ እናቴ" አልኳቸው። "መንገዱ በላይም በታችም ተይዞ ነበር። ቢያነሱም ባያነሱም ያው ነበር።"

እትዬ ዝማም ፊታቸውን ወደ ፀሐይዋ አዞሩ።

"እግዜር ይስጥህ" አሉኝ። "እኔም ሰው ሲጠይቀኝ እንዲያ ነው የምል።"

ስሰናበታቸው ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ እሳቸውም መረቁኝ። በሩ ላይ ስደርስ ድንጋዩን በእግሬ እንዳልነካው ዞር ብዬ አለፍኩ።